አጥሬ ላይ በበቀልኩ ጊዜ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ገጀራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጓሮ አጥሬን እንደተደገፍኩ ሕልም አየሁ። በሕልሜ አጥሬ ላይ በቅዬ ነበር። ሳቁ፣ ግዴለም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ሕልሙ እንዲገባችሁ ግን የአጥሩን ጉዳይ ማወቅ አለባችሁ። ቤቴ ባሕር ዳር ነው፤ ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ የመጥረጊያ እንጨት ብትሰካ እንኳ የሚያቆጠቁጥበት ሰፈር። በእኔና በጎረቤቴ በአቶ ፈንቴ ጓሮ መካከል ያለውን የቆርቆሮ አጥር ሐረግ ከወረሰው ዓመታት አልፈዋል። ምን ዓይነት ሐረግ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ ሥሩ በእሱ በኩል ነው እላለሁ፤ እሱ በእኔ በኩል ነው ይላል። በዚሁ ተኳረፍንና ሰላምታችን ሳል ብቻ ሆኖ ቀረ። እሱ ጓሮ ሲወጣ ይስላል፤ እኔም እስላለሁ። ሁለታችንም አለን ማለት ነው።

እንዲህ እያለን የእሱ ልጅ ይበልጣልና የእኔ ልጅ ማስተዋል ተዋደዱላችሁ። ሽማግሌ ሊላክ ነው ተባለ። የሽማግሌን ሥርዓት ታውቃላችሁ፤ ገብተው "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለው ድርቅ ይላሉ። ያንን ቃል ከሰማሁ ማምለጫ የለኝም። ስለዚህ እምቢ አላልኩም፤ "እሺ፣ ግን ሽማግሌ እንዲህ ጫካ የወረሰው ግቢ አይገባም፤ መጀመሪያ አጥሬን ልመንጥር" አልኩ። ከዚያ አልመነጠርኩም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወይ ወገቤን ያመኛል፣ ወይ ገጀራው ይደንዛል፣ ወይ ዝናብ ይመጣል። ክረምቱ አለቀ፤ ሐረጉም ቆርቆሮውን አልፎ የልብስ ማስጫውን ገመድ ያዘ። ትናንት ባለቤቴ እማዋይሽ ገጀራውን ራሷ ሞርዳ አመጣችና "ዛሬ ካልመነጠርከው ሽማግሌዎቹን በሐረጉ ላይ አስረግጬ አስገባቸዋለሁ" አለችኝ። ከቋሚው ሥር አንዲት ሐረግ ቆረጥኩ። ላቤን ልጥረግ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕልም ነው።

እግሬ አፈር ውስጥ ነው። ከጉልበቴ በላይ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፌያለሁ፤ ከጣቶቼ ጫፍ ቅጠል ወጥቷል፤ ጆሮዬ ላይ ንብ ተቀምጣለች። ወገቤን ደግሞ የሆነ ነገር ጨምድዶ ይዞኛል። ዞር ብዬ ባይ አቶ ፈንቴ ነው። እሱም በቅሏል። ሁለት ዙር ተጠምጥሞብኝ፣ ጭንቅላቱን በብብቴ ሥር አሹልኮ ወደ ፀሐይ አንጋጧል።

"ፈንቴ፣ ልቀቀኝ" አልኩት።

"አንተ ልቀቀኝ። ሥርህ በእኔ በኩል ነው።"

"ሥሬ በራሴ በኩል ነው። የአንተ ነው ወደ እኔ የመጣው።"

"እስቲ ጎንበስ ብለህ እየው።"

ላጎነብስ ብል እምቢ አለኝ፤ የበቀለ ሰው አያጎነብስም። ስለዚህ ሳልኩ። እሱም ሳለ።

ወደ ቤቴ መስኮት ሳይ ሳሎኔ ውስጥ ሐረጎች ተቀምጠዋል። አባት ሐረግ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሶፋዬ ላይ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ በቆሎ ክራቫት አስሮ ዜና ያነባል። "ዘንድሮ ከዝናቡ መብዛት የተነሣ ሰው በየአጥሩ ተስፋፍቷል። በተለይ ወሬኛው ዝርያ ከግቢ ወደ ግቢ እየተዛመተ ይገኛል" ይላል። እናት ሐረግ ከጓዳ ወጣችና በእማዋይሽ ድምፅ "ዛሬ እነዚህን ሰዎች ካልመነጠርካቸው ጉድህን ታያለህ። ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ሰው የወረሰው ግቢ አይተው ምን ይሉናል?" አለችው። ጥግ ላይ አንዲት ለግላጋ ሐረግ፣ ጆሮዋ ላይ ቢጫ አበባ ሰክታ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ልጃቸው ናት። የሚፈልጋት የጎረቤታቸው የቅል ልጅ ነው።

አባት ሐረግ ገጀራ ይዞ ወደ እኛ መጣ። ፈንቴ ይበልጥ ተጠመጠመብኝ። እኔም ሳላፍር ልንገራችሁ፣ አቀፍኩት።

"እንደምን ዋልክ?" አልኩት ሐረጉን፣ ምናልባት ሰላምታ ካቀረብኩ ይራራል ብዬ።

"ሰው አይናገርም" አለኝና ሥራችን ቁጭ አለ። ገጀራውን ሞረደ። አየውና እንደገና ሞረደ። ከዚያ ሰማዩን አየና "ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም" አለ። ሰማዩ ላይ ብጣሽ ደመና አልነበረም። ቆየት ብሎ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። ሐረግ ወገብ የለውም።

"ፈንቴ፣ ይኼማ እኔ ነኝ" አልኩ በሹክሹክታ።

"የያዘው ሞረድ ግን የእኔ ነው" አለ ፈንቴ። "አምና የተዋስከኝ።"

እናት ሐረግ የባሏን ነገር ታውቃለች። በመስኮት ብቅ ብላ "አንተ ካልቻልክ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ባለሙያ ጥራ" አለችው። "ፀሐዩ ከብዶኛል፣ እነሱ ይሂዱ" አለ። ይኼኔ አጥሩ ራሱ "ኤጭ" ብሎ ተነሣና ሁለታችንን ተሸክሞ መንገድ ጀመረ።

ከተማው የተለመደው ከተማ ነው፤ ሁሉም ነገር ግን ተገልብጧል። አንዲት አህያ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ስልክ ታወራለች፤ ጋሪውን የሚጎትተው ባለቤቷ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣዎች ቆመው መረብ ይወረውራሉ፤ ለምሳ የወጡ ሠራተኞች ከነክራቫታቸው በመረቡ ተይዘው ይንፈራገጣሉ። አንዱን "ገና ትንሽ ነው" ብለው ሲለቁት ቅር ብሎት እየተነጫነጨ ቢሮው ገባ። ትንሽ እልፍ ስንል ነገ የሚመጡትን ሽማግሌዎች አየናቸው። ሦስት አሮጌ ዋንዛዎች ናቸው። "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" እያሉ ይለማመዳሉ። ዛፍ መቼ ተቀምጦ ያውቃል? በሳቅ ልሞት ደረስኩ፤ ቅጠሌ እስኪረግፍ ሳቅኩ።

አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አጥሩን አስቆመው። "ትርፍ ጭነሃል" አለው።

"ትርፉ ይኼ ነው" አልኩ ፈንቴን እያሳየሁ።

"ትርፉ እሱ ነው" አለ ፈንቴ እኔን እያሳየ።

ፖሊሱ ሁለታችንንም አየንና "እናንተማ አንድ ናችሁ፤ እለፉ" ብሎ አሳለፈን። ደስ አላለኝም፤ ግን አለፍን።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ባለሙያዋ ራሷ ቁጭ ብላ "ጉዳይ ያላችሁ፣ ስለ ማርያም፣ አንዲት ጉዳይ ጣል አድርጉልኝ" እያለች አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች። መነጽር አድርጋለች እንጂ ወዲያው ነው ያወቅኳት። የፈንቴ ቀይ ፍየል ናት። ፈንቴን ግን አላወቀችውም፤ ወይም አውቃ ተወችው። ጆሮውን ቀመሰችና "ጨው ይበዛዋል" አለች። የእኔን ክርን ቀመሰች። "ይኼኛው መራራ ነው። ምክንያት ይበዛዋል።"

ለካ አባት ሐረግ በባጃጅ ቀድሞን ደርሶ ኖሯል። "ታዲያ ይመንጠሩ ወይስ ይቆዩ?" አላት።

ፍየሏ የአጥሩን ቋሚ በቀንዷ ነካ አደረገችው። እንጨቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። "ቋሚው ከበሰበሰ ቆይቷል" አለች። "አጥሩን ያቆሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ተያይዘው። እነሱ ከተቆረጡ አጥሩ ይወድቃል።"

አባት ሐረግ በደስታ ቅጠሉን አራገበ። "ሰማችሁ? ባለሙያ ናት የተናገረችው። አጥር የሌለው ቤት ደግሞ ሽማግሌ አይቀበልም። እንግዲህ የዛሬ ዓመት ያድርሰን" አለ። ለግላጋዋ ሐረግ ከኋላው ቆማ ነበር፤ እንዴት እንደመጣች አትጠይቁኝ። አበባዋ ከጆሮዋ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ማንሣት እንኳ አልፈለገችም።

እኔ መደሰት ነበረብኝ፤ ከገጀራ ተርፌያለሁ። ያንን አበባ መሬት ላይ ሳየው ግን አልቻልኩም።

"ስማኝ" አልኩት ሐረጉን። "የቅሉን ልጅ ጠልተኸው ነው?"

"ምን ወጣው፤ ጨዋ ቅል ነው።"

"ታዲያ ምንድነው?"

ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "በዚያ ቤት በቀልዴ የምትስቅልኝ እሷ ብቻ ናት" አለኝ።

ምን ልበላችሁ። ማስተዋልም እንዲሁ ናት። እማዋይሽ ቀልዴን ሳልጨርስ ሳህን ታነሣለች። ማስተዋል ግን ስንት ጊዜ የሰማችውንም ቢሆን አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅልኛለች። እሷ ከሄደች ይኼ ቤት ምን ሊሆን ነው እያልኩ ነው ክረምቱን ሙሉ ወገቤን ያመመኝ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

"ሰሞኑን ስቃልሃለች?" አልኩት።

ገጀራውን እንደገና መሞረድ ጀመረ።

"የእኔዋም አልሳቀችም" አልኩት።

ሐረጉ ገጀራውን አየ፤ ልጁን አየ፤ መሬት የወደቀውን አበባ አየ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "በል ቁረጠን" አልኩት።

"እንዴ፣ እኔንም ጨምረህ?" አለ ፈንቴ።

"አንተንም ጨምሬ። የሚያገባው ልጅህ አይደል?"

ፈንቴ አሰበበት። "ነው" አለ። "ብቻ ከእሱ ጀምሩ።"

ፍየሏ መነጽሯን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችና በእግሬ አውራ ጣት ጀመረች። ለካ ሲበሉት ይኮረኩራል። እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ "ሰጥቻለሁ! ልጄን ማስተዋልን ለይበልጣል ሰጥቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

ነቃሁ። የፈንቴ ቀይ ፍየል በአጥሩ ሥር አንገቷን አሹልካ ካልሲዬን እየበላች ነው። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሳል ተሰማ።

"ታፈረ" አለ ፈንቴ። ከተኳረፍን ወዲህ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። "አሁን ያልከውን እስቲ ድገመው። ሽማግሌዎቹ በደንብ አልሰሙህም።"

ለካ ሽማግሌዎቹ እኔን በምን መላ እንደሚያግባቡኝ ሊመክሩ ፈንቴ ጓሮ ተሰብስበው ኖሯል። ጩኸቴን ሲሰሙ ምክራቸውን ትተው፣ ሁሉም ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው ተደግፈዋል። ያኔ ዓይኔ ከእንቅልፌ በፊት የቆረጥኳት ሐረግ ላይ አረፈ። ቋሚውን ከቋሚው ጋር አስራ የያዘችው እሷ ነበረች።

አጥሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ እየዘመመ መጣ። ተንከባልዬ ከቆርቆሮው አመለጥኩ፤ ከፈንቴ ግን አላመለጥኩም። የያዘውን ሐረግ እንደያዘ መጥቶ ወገቤ ላይ ተጠመጠመ። ሽማግሌዎቹ ከነነጭ ጋቢያቸው ቆርቆሮው ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ፍየሏ ካልሲውን ይዛ ዞር አለች። እማዋይሽ ከቤት እየሮጠች ወጣች፤ ከኋላዋ ማስተዋል በሩ ላይ ቆማ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

"ውይ አባቶቼ፣ ተነሡ፣ ተነሡ" እያለች እማዋይሽ ልታነሣቸው ጎንበስ አለች። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት አባ ካሴ ግን እንደተደፉ፣ ከቅጠሉ መሐል አንድ ጣታቸውን አውጥተው ከለከሏት።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንነሣም" አሉ።