ባዶ ድስት

(ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶቹ በር ላይ። ቴዎድሮስ እጁን ኪሱ ከቶ ከፊት ከፊት ይላል። ጓደኛው እምሩ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ብረት ድስት ታቅፎ ከኋላ ያልበዋል።)

እምሩ፦ እኔ ድስት ታቅፌ በዚህ ሁሉ ቆንጆ መሃል አልሄድም! ወጡን በፌስታል ብንገዛውስ?

ቴዎድሮስ፦ ፋራ! ፌስታል ድሮ ቀረ። አሁን ዘመኑ የዘላቂ አመጋገብ ነው። ዘላቂ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

እምሩ፦ አዎ፣ ቁርስ በልተኸው እስከ ራት የሚዘልቅ።

ቴዎድሮስ፦ ኧረ አይደለም! ምግብ የማይደፋበት ማለት ነው።

እምሩ፦ እኛ ቤት ተደፍቶ አያውቅም። ተርፎ መች ያውቅና!

ቴዎድሮስ፦ ስማኝ። እትዬ አይናዲስ ዛሬ ምሳ እኔ ጋ ነው የሚበሉት። “ለልጄ ለምኞት ይሆናት እንደሆነ እጁን ቀምሼ ልየው” ብለዋል። ዶሮ ወጡን ከየሺዓለም ምግብ ቤት እንገዛለን፣ እኔ ሽርጥ አድርጌ በር ላይ እቆማለሁ፣ በቃ! የሚቀረኝ ሽማግሌ መላክ ነው።

እምሩ፦ ራስህ አትሰራውም?

ቴዎድሮስ፦ እችላለሁ እኮ። ትናንት ሽንኩርት አቁላላሁ። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ጎረቤት እሳት አደጋ ሊጠራብኝ ነበር።

እምሩ፦ ቴዲዬ፣ ስለ ድስቱ አንድ ነገር...

ቴዎድሮስ፦ ስለ ድስት ለኔ? ዝም ብለህ ተሸከም!

(ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳሉ።)

እምሩ፦ ኧረ ከበደኝ!

ቴዎድሮስ፦ ባዶ ድስት የሚከብደው ሰው ዛሬ አየሁ። የድሮ ብረት ነው፣ ዘላቂ!

እምሩ፦ ይሞቃልም።

ቴዎድሮስ፦ ፀሐይ ነዋ! ብረት ፀሐይ ይስባል። አልተማርክም?

እምሩ፦ አንተስ የት ተማርክ?

ቴዎድሮስ፦ ታክሲ ውስጥ። (ያሸታል) እህ! ሸተተህ? ገና ድልድዩ ጋ ሳንደርስ የየሺዓለም ዶሮ! ቅመሙ፣ ቅቤው! አፍንጫ ማለት እንዲህ ነው።

እምሩ፦ እሱ ሽታ እኮ...

ቴዎድሮስ፦ አታደናግረኝ!

(ምግብ ቤቱ በር ላይ ይደርሳሉ። ቴዎድሮስ ጨርቁን ፈትቶ ክዳኑን ያነሳል። እንፋሎቱ ፊቱን ይለበልበዋል።)

ቴዎድሮስ፦ እንዴ! ይሄ ምንድነው?

እምሩ፦ ዶሮ ወጥ።

ቴዎድሮስ፦ ድስቱን ከማን ነው የተዋስከው?

እምሩ፦ “ከሰፈሩ ትልቁን ድስት ተዋስ” አልከኝ። የሰፈሩ ትልቅ ድስት የእትዬ አይናዲስ ነዋ!

ቴዎድሮስ፦ (ደረጃው ላይ ዘጭ ይላል) ለምን እንደሆነ ነገርካቸው?

እምሩ፦ ጠየቁኝ። ለትልቅ ሰው እንዴት ብዬ ልዋሽ? ግን አልተቆጡም፣ ሳቁ። “ድሮም አላመንኩትም፣ የራሴን ዶሮ ሰርቼ ነው የጠበቅኩት። ከኔ ቤት ባዶ ድስት አይወጣም” ብለው ሞሉልኝ።

ቴዎድሮስ፦ (ብድግ ብሎ) ሳቁ? እንግዲያማ ተርፌያለሁ! ሌላስ? ስለ ምኞት ምን አሉ?

እምሩ፦ እሱንማ... ድስቱን ብድግ ሳደርገው አዩኝና፣ “አትዋሽም፣ ጉልበትም አለህ” አሉኝ።

ቴዎድሮስ፦ እና?

እምሩ፦ “አንተስ አግብተሃል?” አሉኝ።

(ቴዎድሮስ ድስቱን ነጥቆ ወደ ሰፈሩ ዳገቱን በሩጫ ይያያዘዋል።)

እምሩ፦ (እጁን ኪሱ ከቶ፣ ቀስ እያለ) አትሩጥ ቴዲዬ፣ ትደፋዋለህ! ዘላቂ ነው ብለሃል!