ናሙና መላሹ ዋርሰሜ

ዋርሰሜ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳ፣ አንዴ አዘነበለው፣ በመስኮቱ ቀዳዳ መልሶ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ ደም አይደለም። ወሬ ነው።»

አጠገቤ የቆመችው አክስት ካሃ ያንን ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከጋቢሌ ድረስ በመኪናዬ ይዛው የመጣች ናት። ላሟ ከወለደች ሁለት ቀን ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። እኔ የአካባቢው የከብት ሐኪም ነኝ፤ ካልሲየም ሰጥቻት ለውጥ አላየሁም። ጡንቻዋ ሞቶ ከሆነ አትነሳም፣ ሌላ ነገር አልቆባት ከሆነ ትድናለች፤ ይህን የሚለየው የደም ምርመራው ነው። ሳትታረድ ከሞተች ሥጋዋ ለማንም ስለማይሆን የካሃ ወንድም አራጅ ጠርቷል። አራጁ እስከ ከሰዓቱ የአሱር ሶላት እጠብቃለሁ ብሏል። ቤቱ ውስጥ የምትታለብ ሌላ ላም የለም።

እንደ ዋርሰሜ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ማኅተሙ ደብዝዟል ብሎ ወረቀት የሚመልስ፣ ሰልፉ አስፋልት ቢደርስ ቀና ብሎ የማያይ። የእኛ ድርሻ ሐርጌሳ፣ የእንስሳት ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ አንካሳውን አንካሳ፣ ጥርሰ ፍንጭቱን ፍንጭት እንላለን፤ ባለቤቱም አቤት ይላል። ክቡርነታቸው «ዋርሰሜ እምቢ» ይባላሉ።

በለስላሳ ጠርሙስ የመጣ የግመል ደም መልሰዋል። ከበረዶ ጋር ተጣብቆ የቀዘቀዘ የበግ ደም መልሰዋል። አንድ የተከበሩ የጎሳ ሽማግሌ አምስት ብልቃጥ አምጥተው በሁሉም ላይ «ነጭ ፍየል» ብለው ቢጽፉ፣ ክቡርነታቸው ሻይ ጋብዘው አምስቱንም አስይዘው ሸኟቸው። በገዛ ሠርጋቸው ዕለት የትኛዋ ፍየል እንደሆነች ካልተነገረኝ ብለው ሾርባ መልሰዋል ይባላል። ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

የዚያን ቀን ብልቃጡን እኔም አየሁት። ከላይ ጠርቶ ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ ቀይ ወጥ መስሏል። ዋርሰሜ አክስት ካሃን መንገድ ላይ ምን እንዳደረገችው ጠየቃት። ሳታፍር ነገረችው። ሲረጋ አየችው፤ ተበላሸ ብላ ወተት በቅል እንደሚናጥ መንገዳችን ላይ ካለችው አራብሲዮ ጀምሮ ናጠችው። እኔ መንገዱን ነበር የማየው።

«አክስቴ፣ ሲናጥ ሕዋሱ ይፈነዳል። ውስጡ ያለው ሁሉ ውሃው ላይ ይፈስሳል። ማሽኑ የሚነግረን የላሚቱን ሳይሆን የእጅዎን ሥራ ነው።»

«አንተ ብቻ ቁጥሩን ስጠኝ። ትታረድ ወይስ አትታረድ፣ እሱን ነው የምፈልገው።»

«አልሰጥም።»

«እናትህ ጡት ስታጠባህም አስፈርመህ ነው የጠባኸው?»

ሰልፉ ሳቀ። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ጋቢሌ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያገኘነውን ቁጥር ይዘን እንወስን አልኩት። መስኮቱን ዘጋ።

ጥቂት ቆይቶ በኋላ በር ወጣ። በእጅ እየዞረ ደሙን ከውሃው የሚለይ ማጥለያና አንድ የበረዶ ዕቃ ይዟል። መኪናዬ ውስጥ ገባ።

ጋቢሌ ስንደርስ ደሙን ራሱ ቀዳ። ብልቃጡን ጥላ ሥር አሸዋ ላይ ተከለና አጠገቡ ተቀመጠ። አራጁ ቢላውን እየሳለ ሻይ እስኪፈላ ነው ወይ የምትጠብቀው አለው። «ይርጋ» አለ ዋርሰሜ። አርባ ደቂቃ ማንም ብልቃጡን እንዲነካ አልፈቀደም፤ ዶሮ እንኳ አባሯል። አክስት ካሃ ከላሟ ራስ አጠገብ ቁጭ ብላ ጥላውን ትለካለች። ከረጋ በኋላ ማጥለያውን መኪናው ላይ አስሮ አዞረው። ንጥር ቅቤ የመሰለ ውሃ ወጣ። ያን ብቻ ወደ ሌላ ብልቃጥ ገልብጦ በረዶው ዕቃ ውስጥ ከተተና እኔን ከላሟ ጋር ትቶ በሚኒባስ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ።

ከአሱር ሶላት በፊት ደወለ። ጡንቻዋ አልሞተም፤ ያለቀባት ፎስፈረስ ነው። መድኃኒቱ መኪናዬ ውስጥ ነበር። አራጁ ቢላውን በጨርቅ ጠቀለለ።

በሳምንቱ ላቦራቶሪው ሄጄ፣ ያ የተናጠው ደም በማሽን ቢያልፍ ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ግራ ቀኝ አየና ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። መስኮቱ ላይ ትተነው የሄድነውን ብልቃጥ ሕጉን ጥሶ ለካ መርምሮታል። ፎስፈረሱ ሙሉ ይላል። የጡንቻ ጉዳቱ ከላይኛው ወሰን ብዙ እጥፍ ይላል።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት። ያን ቀን በእጄ ቢገባ «እረዱ» የምለው እኔ ነበርኩ፤ አክስት ካሃም ታምነኝ ነበር። ይህን እሱም ያውቃል፤ አላነሳብኝም። ወረቀቱን ተቀበለኝና መልሶ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ዋርሰሜ እምቢን ሲያሙት ከንግግሩ እወጣለሁ።

ላሟ መድኃኒቱን ከወሰደች በሦስተኛው ቀን ቆመች።