የወንድሜን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች

ወንድሜ ኬሚስት ነበር። በመጨረሻዋ ተራ ቀን የሩዝ አረም እየነቀልን ስለ ሥራው አጫወተኝ፤ እንደ ውሃ እየፈሰሱ እንደ ወታደር የሚሰለፉ፣ ፈሳሽ ክሪስታል የሚባሉ ነገሮችን እንደሚያጠና። የቴሌቪዥን ምስል የሚታየው በእነሱ ነው አለኝ። በማግስቱ መኪና ገጭቶ ገደለው።

በየለቅሶው ሁሉን የሚያውቅ ሰው በእርስዎ አገር የለም? በእኛ ፎገራ አለ።

በወንድሜ ለቅሶ ላይ አልቃሿ «ልጄ፣ ሥራው ምን ነበር? በምን ላወድሰው?» አለችኝ።

«ፖሊመርና ፈሳሽ ክሪስታል…» ብዬ ስንተባተብ፣ አንድ ሽማግሌ «የከብት መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ በዚያ አልቅሺለት!» አሉ።

ስንት በሬ እንዳዳነ ገጠመችለት። ሕዝቡም ከፊተኛው አብልጦ አለቀሰ። ለፈሳሽ ክሪስታልማ ማን ያለቅሳል?

በነጋታው ጠዋት አንድ ገበሬ የታመመ በሬውን እየጎተተ መጣ። «ነፍሱን ይማረው፤ ያስቀመጠው መድኃኒት አይጠፋም መቼስ» አለኝ።

ላርመው አፌን ከፈትሁ። በሬው አረፋ ይደፍቃል። ገመዱን ተቀብዬ ወረታ ከተማ፣ እስከ እንስሳት ክሊኒኩ ድረስ አብሬው ሄድሁ።