ለአክስቴ ካርድ የሚሆን ፕሮሰሰር

ስጦታ ብቻውን አይመጣም። ኮት የሰጠህ ሰው ሱሪ ያስገዛሃል፤ በቅሎ የሰጠህም ገብሱን አብሮ አይሰፍርልህም። ይህን የምለው ምስጋና ጎድሎኝ አይደለም፤ ስጦታ ደርሶኝ ነው።

አክስቴ ዘይነባ ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ በአንድ ቪላ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የቤቱ ልጅ ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ ከዱባይ በሰው ሻንጣ አስመጣ። ገና ሳይከፍተው አባቱ ሙሉ ኮምፒውተር ገዙለትና ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ቀረ። አክስቴ በየቀኑ አቧራውን ስትጠርግለት ከረመች። አንድ ቀን በስልኳ አንስታ ላከችልኝና «ምንድን ነው?» አለችኝ። ለማስረዳት ስሞክር ድምፄ ሳይለወጥ አልቀረም። ለእረፍት ወደ ወሎ ልትሄድ ስትል እመቤቲቱ «ምን እንስጥሽ?» ቢሏት፣ ሽቶም ጨርቅም ትታ «ያንን ካርቶን፤ ለወንድሜ ልጅ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት እኔ እስከምኖርበት ሰፈር፣ አርካዊት ድረስ አመጣችልኝ። በምላሹ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሐሙስ ጠዋት ተሳፋሪ ነኝ። ሲሠራ ሳላየው ብሄድ አገር ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ችግሩ አሮጌው ፕሮሰሰሬ፣ የኮምፒውተሬ አንጎል፣ ለዚህ ካርድ የማይመጥን መሆኑ ነው። ፕሮሰሰር ሲደክም ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ ሲበረታ ደግሞ ራሱ ይግላል። በካርቱም ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ገዝቶ ቤት ማስገባት ምን ይባላል? ከማዘርቦርዴ ጋር የሚገጥሙት ሁለት ነበሩ፤ ባለ አራት ኮርና ባለ ስድስት ኮር፤ ኮሩ ሲበዛ ጉልበቱም ሙቀቱም ይበዛል። ባለ ካሬ ደብተር አወጣሁ፤ አሰመርኩ፤ ሃያ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ደብተሩ ወደ ባለ አራቱ አዘነበለ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ስላልቸኮለ ሰው ግን ምንም አልተተረተም፤ ምናልባት ገና እያሰበ ስለሆነ ይሆናል።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ጸጥ የሚልበትን ሰዓት አስልቼ ሰፈሩ ሁሉ «አሚ»፣ አጎቴ፣ ወደሚላቸው ወደ አሚ በክሪ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያለው ግን ሱዳን በሙሉ ፈጡር፣ የረፋድ ቁርሱ፣ ላይ ስለሆነ ነው። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ትልቅ የፉል ሰሃን፣ በዙሪያውም አምስት እጅ።

«ያ ሐበሺ፣ ኢትፈደል!» አሉኝ፤ ና ቅረብ፣ ብላ ማለታቸው ነው። በልቻለሁ ብል ማን ይሰማኛል? «ወላሂ ትቀመጣለህ!» ተባለ፤ ተቀመጥኩ።

ጉዳዬን ሳስረዳ አሚ በክሪ ከጎናቸው ወዳለው ወፍራም ሰዓት ሻጭ አመለከቱ። «ካርድህ ማለት ይህ ጎረቤቴ ነው፣ ፕሮሰሰርህ ደግሞ እኔ ዳቦ ቆራሹ፤ ዳቦውን ካዘገየሁበት እጁን አንጠልጥሎ ይጠብቃል» አሉኝ። ሰዓት ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል «ታዲያ ምን ታወራለህ? ቁረስ!» አላቸው። አሚ በክሪም «ስለዚህ ባለ ስድስቱን ውሰድ» ሲሉ ደመደሙ።

የሰው ዳቦ እየጎረስኩ ምክሩን አልፈልግም እንዴት ልበል? «ላስብበት» አልኩ። ሰኞ እምቢታዬን ተለማምጄ ሄድኩ፤ ፉሉ ላይ ደረስኩ። ማክሰኞም እንደዚያው። ሌላ ሱቅ መሄድማ ክህደት ነው! ረቡዕ የሚጠብቀኝ በርጩማ ተቀምጦልኝ ነበር፤ ሰዓት ሻጩም «ይህ ልጅ ፕሮሰሰር ነው የሚገዛው ወይስ ሊዳር ነው?» ሲል ጠየቀ። ዳቦው ገና አፌ ውስጥ እያለ አክስቴ ደወለች፤ ከአስር ሶላት በኋላ እመጣለሁ አለችኝ። ባለ ስድስቱን ገዛሁ። ሃያ ሦስት ገጽ በአራት ሰሃን ፉል ተሸነፈ።

ቤት ወስጄ ገጠምኩት። ቁልፉን ስጫን አክስቴ ከኋላዬ «ቢስሚላህ» አለች፤ በራ። የመኪና ውድድር ከፈትኩላት። ስድስት ዓመት በቪላው መኪና የኋላ ወንበር ስትሄድ የኖረች ሴት መሪ ያዘች። ግንብ ገጨች፤ ዛፍ ገጨች፤ የቀደማትን ሁሉ «ዞር በል አንተ፣ ያላ!» እያለች ወረደችበት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል የወሰንኩ መሰለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አክስቴ በሙያ ልማድ ስክሪኑን በሻሿ ጫፍ ወለወለችና «ይሄ የድሮው አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

የድሮው ነው። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የገዛሁት፣ ከትሪ የማይበልጥ አሮጌ ስክሪን። በእሱ ላይ ባለ አራቱም ባለ ስድስቱም አንድ ዓይነት ነው የሚታዩት! በሃያ ሦስቱ ገጽ ውስጥ ስለ ስክሪን አንዲት መስመር አልነበረችም።

ፊቴን አይታ እንደገና ሳቀች። «አይዞህ የኔ ልጅ። የቤቱ ልጅ ሁለት ስክሪን አለው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ጎበጥ ያለ። አንዱን እጠይቅልሃለሁ። እስክመለስ ሦስት ወር አለህ፤ የትኛው እንደሚሻልህ አስብበት።»

ሦስት ወር እንደማይበቃኝ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ።