ሳሎን ውስጥ የተገጣጠመው አውሮፕላን

[ከሰዓት በኋላ ነው። የሹፌሩ ሳሎን። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ የኮምፒውተር ሳጥን ተቀምጧል፤ ዙሪያው ካርቶን፣ ብሎንና ሽቦ ነው። ሹፌሩ ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በዕድሜው አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቅዳሜ ግን ሊወጣ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለችው አንዲት ልጁ ታገባለች። ፍርሃቱ ምግብ ስለዘጋው፣ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚበርበት ጨዋታ ገዝቶ እቤቱ ሊለማመድ ቆርጧል። ኮምፒውተሩን የሚገጣጥምለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ዘመድ አዝማዱ «ሊቁ» ይለዋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ግን ራሱ ነው።]

ሹፌሩ፦ አራት ማራገቢያ ይበቃል አልኩህ!

ሊቁ፦ ሰባት! ጋሼ፣ ሰባት! ከሰባት ካነሰ እጄን አላስገባም።

ሹፌሩ፦ የኔ አውቶቡስ ስልሳ ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ አንድ ማራገቢያ ነበረው።

ሊቁ፦ ለዚህ ነዋ ሲጨስ የኖረው።

ሹፌሩ፦ ይጭስ እንጂ ይደርስ ነበር። አንተ ይኸው ሦስት ቀንህ፣ ገና ከጠረጴዛዬ አልተነሳህም። ለመሆኑ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሱት እነዚህ ናቸው?

ሊቁ፦ [ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወደ ጣሪያው እያየ] አምላኬ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ! ጋሼ፣ ማራገቢያው ፕሮሰሰሩን ለማቀዝቀዝ ነው። ፕሮሰሰር ማለት አእምሮው ነው። ብዙ ስለሚያስብ ይግላል።

ሹፌሩ፦ እሱስ እውነትህን ነው። አንተ ይኸው ስንት ዘመንህ፣ አንድም ቀን ግለህ አታውቅም።

ሊቁ፦ ቀልድ፣ ቀልድ! በኋላ ትመርቀኛለህ። [ጡብ የሚያክል ጥቁር ነገር በሁለት እጁ ከካርቶን ያወጣል] ይሄውልህ ዋናው! ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ደመናውን፣ ተራራውን፣ ባሕሩን እየሳለ ስክሪኑ ላይ የሚያሳይህ ይሄ ነው። ያለ እሱ ጨዋታው አይንቀሳቀስም።

ሹፌሩ፦ ባሕሩን እንዳይስለው ንገረው።

ሊቁ፦ ያለ ባሕር እንዴት ባሕር ማዶ ትሄዳለህ?

ሹፌሩ፦ አውቃለሁ ባክህ! ለምን ታስታውሰኛለህ?

[ሹፌሩ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የሚያስፈራውን ለሊቁ መንገር አልፈለገም ነበር፤ ግን ሌላ ሰው አልነበረም።]

ሹፌሩ፦ እኔ መውደቁን ፈርቼ አይደለም። መሪው ሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው የሚገድለኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ነድቶኝ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ እንኳ ስቀመጥ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። እህትህ ደግሞ «ካልመጣህ ትቼህ እሄዳለሁ» ብላኛለች። ልጄን ማን ሊድርልኝ ነው? አንተ?

ሊቁ፦ ጋሼ፣ አይዞህ፤ አንተ ብቻ እኔን እመነኝ።

ሹፌሩ፦ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነገር እሱ ነው።

[ሊቁ ጡቡን አስገብቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ የስክሪኑን ኬብል ከሳጥኑ ጀርባ ካገኘው ቀዳዳ ይሰካል። ሹፌሩ ባትሪ ይዞ ያበራለታል፤ ሥራው ይሄው ነው ተብሏል።]

ሹፌሩ፦ ይሄ የሰካኸው...

ሊቁ፦ ጋሼ፣ አብራ እንጂ አትጠይቅ።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ አብርቻለሁ።

[ሊቁ ማብሪያውን ይጫናል። ሰባቱ ማራገቢያዎች በአንድ ላይ ይነሳሉ። ሳጥኑ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ እያለ ያበራል። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል።]

ሹፌሩ፦ [ጠረጴዛውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ] ሊነሳ ነው እንዴ?!

ሊቁ፦ ልቀቅ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው! ና ተቀመጥ፤ ይሄን ጆይስቲክ ያዝ። መሪህ ነው።

ሹፌሩ፦ ወንበሬስ የት አለ?

ሊቁ፦ ተቀምጠህበታል።

ሹፌሩ፦ እውስጥ ያለውን ነው የምልህ። የኔ ሀያ ሦስት ነው፤ መስኮቱ ጋ። እዚያ አስቀምጠኝና ልለማመድ።

ሊቁ፦ ኧረ ጋሼ! አብራሪው እኮ አንተ ነህ!

ሹፌሩ፦ ምነው፣ ቅዳሜ አብራሪው ይቀራል ተባለ?

ሊቁ፦ ጨዋታው ማብረር ነው የሚያስተምረው! ተሳፋሪ ሆነህ ምን ልትለማመድ ነው? መቀመጥ?

ሹፌሩ፦ አዎ! የማልችለው እሱን አይደለም እንዴ? ነግሬህ ነበር እኮ።

ሊቁ፦ አልነገርከኝም።

ሹፌሩ፦ አልሰማኸኝማ። ማራገቢያ ስትቆጥር ነበር።

[ሹፌሩ እያጉረመረመ ጆይስቲኩን ይይዛል። ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ መንደርደር ይጀምራል፤ ይቆማል፤ ይዘላል፤ እንደገና ይቆማል። ከመሬት ሲነሳ ይባስ ብሎ ሰማይ ላይ ቀጥ ይላል።]

ሹፌሩ፦ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ ምንም አልሆነም።

ሹፌሩ፦ ሰማይ ላይ ቆሟል እኮ! ሰው ሊጭን ነው?

ሊቁ፦ ትንሽ ተንቀራፈፈ እንጂ... ሙቀት ነው። ስምንተኛ ማራገቢያ ያስፈልገው ነበር።

ሹፌሩ፦ ከዚህ በላይ ነፋስ ከመጣ እኔም እበርራለሁ።

ሊቁ፦ እንግዲያው የሠፈራችሁ መብራት ነው፤ ኃይል የለውም። ወይ ደግሞ አያያዝህ። አጥብቀህ ይዘኸው ነው። ጠረጴዛህም ያዘነበለ ይመስለኛል።

ሹፌሩ፦ እኔ፣ ጠረጴዛዬና ሠፈሬ ጥፋተኞች ነን። ደህና።

[ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ እየቆመ፣ እየዘለለ አፍንጫውን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ከዚያ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ይሆናል። የሹፌሩ ፊት አመድ መሰለ። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል።]

ሊቁ፦ ማን ጋ ልትደውል ነው?

ሹፌሩ፦ ልጄ ጋ። አባትሽ ታሟል፣ አልመጣም ልላት ነው። ውሸትም አይደል፤ ይኸው ታምሜያለሁ።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ቆይ እንጂ! ሁሉንም ፈትቼ ከመጀመሪያው ልግጠመው!

ሹፌሩ፦ ሦስት ቀን መከራ አሳየኸኝ፤ በቃኝ። አንድ ልጄን ሳልድር ልቀር ነው፤ አንተ ጠረጴዛዬን ትወቅሳለህ!

[እንባው እንዳይታይበት ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞሮ ቁጥሩን ይፈልጋል። ዓይኑ ግን ከስልኩ ላይ ይነሳና ሳጥኑ ላይ ይቀራል።]

ሹፌሩ፦ ስማ። ስዕሉን የሚስለው ጡቡ ነው ብለኸኝ የለም?

ሊቁ፦ ግራፊክስ ካርዱ። አዎ።

ሹፌሩ፦ ታዲያ የስክሪኑ ኬብል ጡቡ ላይ ለምን አልተሰካም? ይኸው፣ እሱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ክዳናቸው እንኳ አልተነሳም። አንተ የሰካኸው እላይ፣ ከጡቡ ውጭ ያለው ቀዳዳ ላይ ነው።

[ሊቁ ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን ጀርባ ያያል።]

ሊቁ፦ ... እሱን ሆን ብዬ ነው።

ሹፌሩ፦ ሆን ብለህ?

ሊቁ፦ ታስተውል እንደሆነ ልይ ብዬ።

ሹፌሩ፦ ሠዓሊውን ቀጥረህ፣ ብሩሹን ለዘበኛው ሰጥተህ፣ ሦስት ቀን ስዕል ትጠብቃለህ! ሆን ብለህ!

[ሹፌሩ ራሱ ኬብሉን ነቅሎ ጡቡ ላይ ይሰካዋል። ጨዋታው እንደገና ይነሳል። አውሮፕላኑ እንደ ዘይት ይፈስሳል። ደመናው ያልፋል፤ ባሕሩም ሩቅ፣ ዝም ያለ፣ ከታች ይታያል። ሹፌሩ ትንፋሹን ይዞ ያየዋል፤ ከዚያ ትንፋሹን ይለቃል።]

ሹፌሩ፦ ይሄ ነው እንዴ? ይሄን ነው የፈራሁት? እግረኛ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋብህ የለ!

ሊቁ፦ እኔ ምን አልኩህ? ቀስ ብለህ አውርደው እንግዲህ፤ አፍንጫውን ቀና... ተወው፣ እኔ ላሳይህ፤ እኔ ሺህ ጊዜ በርሬያለሁ።

ሹፌሩ፦ እጅህን ሰብስብ።

[አውሮፕላኑ ጎማው መሬት ነክቶ፣ ተንሸራትቶ፣ መስመሩ ላይ ልክክ ብሎ ይቆማል። ሹፌሩ ከልማዱ የተነሳ ወደ ኋላ ዞሮ «መውረጃ!» ሊል ምንም አልቀረውም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አልደበቀውም። ይደውላል።]

ሹፌሩ፦ [በስልክ] ልጄ! እንዴት ዋልሽ? ... አዎ፣ እመጣለሁ! ምን ይዞኝ እቀራለሁ? ... ማን? አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው። ... እነግረዋለሁ። በይ ደህና ዋዪ፣ እናቴ። [ይዘጋል] ሰላም ብላሃለች። ትኬትህም ደርሷል፤ ሦስታችንም አንድ ረድፍ ነን።

ሊቁ፦ የምን ትኬት?

ሹፌሩ፦ የቅዳሜ። «አጎቴ ካልመጣ አላገባም» ብላ እህትህን አስጨንቃት ነበር። እህትህ ባለፈው ወር ጎትታ ፓስፖርት ያስወጣችህ ለምን መሰለህ?

ሊቁ፦ ለመታወቂያ ያገለግላል ብላኝ ነዋ!

ሹፌሩ፦ እሷም አንተን ታውቅሃለች። ምነው፣ ደስ አላለህም?

ሊቁ፦ ኧረ ደስ... ቅዳሜ ግን ትንሽ ሥራ... ወገቤም...

ሹፌሩ፦ ምን ገዶህ! አንተ ሺህ ጊዜ የበረርክ ሰው!

ሊቁ፦ [ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ] እንዲህ ቁጭ ብዬ ነዋ ጋሼ! ቤት ውስጥ!

[ሊቁ ወደ ስክሪኑ፣ ወደ በሩ፣ እንደገና ወደ ስክሪኑ ያያል። ከዚያ ወንበር ጎትቶ፣ ተጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።]

ሊቁ፦ ጋሼ... ያንን ጆይስቲክ እስቲ ወዲህ በለው። ወንበር ሀያ ሦስትስ... አንተ እንዳልከው፣ እውስጥ የሚቀመጡበት መንገድ አይጠፋም።