የአማቴ ጉልበትና የእኔ ወገብ

ስማ ወዳጄ፣ እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ «ትዕቢተኛ» ከምትባል «ሌባ» ብትባል ይሻልሃል። ሌባን ሰው ዕቃውን እየጠበቀም ቢሆን ምሳ ያበላዋል። ትዕቢተኛን ግን ማን ይጠራዋል? እኔ ይህ ስም ሲወጣልኝ አገሩ ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም። ለመታበይ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ጥፋቱ የወገቤ ነው።

የምሠራው ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ጥቅል ጨርቅ ከጋሪ አንሥቼ እደረድራለሁ። አብሮኝ ቦሪስ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሰውዬ ይሠራል። ትከሻው በር ያህላል። አንድ ቀን አንዱን ጥቅል ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለና ሳቀብኝ። ሳቀብኝ እንዴ? አሁን ሳስበው ለራሱ ይሆናል የሳቀው። ያኔ ግን የጎንደር ወንድነቴ ተነሣብኝና ሁለት ጥቅል ባንዴ ታቀፍሁ። ጥቅሎቹ ተነሡ። እኔ ጎንበስ እንዳልሁ ቀረሁ። ቦሪስ ነው እንደ ሦስተኛ ጥቅል ጋሪው ላይ አስተኝቶ ያወጣኝ። (ይቺ እንኳ ትዕቢት አትባልም፣ ሞኝነት ናት።)

ኩፓት ሆሊም የሚሉት ክሊኒክ ሐኪም ክኒን ሰጠኝ፣ የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ፣ «አትታጠፍ» አለኝ። እሺ፣ አልታጠፍም። ግን የእኛ ሰው ወገቡ ሳይታጠፍ እንዴት ይኖራል? ሰላምታችን በወገብ፣ ይቅርታችን በወገብ! ደግሞ የወገብ ሕመም ክፋቱ አይታይም። እግሩ የተሰበረ ጄሶውን ያሳያል። እኔ ምን ላሳይ? ጭራሽ ሕመሙ ደረቴን አስነፍቶ፣ አንገቴን አቅንቶ ጄኔራል አስመሰለኝ።

እንዲህ ሆኜ ዘመድ ቤት ግብዣ ተቀምጫለሁ። አማቴ አባ ወርቁ፣ የባለቤቴ የያልጋነሽ አባት፣ ገቡ። ቤቱ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። እኔም ልነሣ ሞከርሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ወገቤ ቀጨም አድርጎ ያዘኝና ተመልሼ ዘጭ አልሁ። ያውም ፊቴን አጨማድጄ። አባ ወርቁ አዩኝ። «ግድ የለም ጌታው፣ ተቀመጥ፣ አትድከም» አሉና እህል ሳይቀምሱ ወጡ።

ያልጋነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ከወለደች ልጁ ሲገረዝ ማን ጉልበቱ ላይ ይይዘዋል? ማን ይመርቀዋል? አባቷ ናቸዋ! አለቀሰች። «አባቴ ደጄን ካልረገጠ አልወልድም» አለችኝ። እሷ አልወልድም ካለች ላትወልድ ትችላለች ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ሽማግሌ ላክን። ወገቡ ታሞ ነው ብለው ነገሯቸው። አባ ወርቁ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቆሞ ሲሄድ አይቸው የለ? ለፋብሪካው አለቃ የሚታጠፍ ወገብ ለእኔ ሲሆን ይታመማል? ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ጉልበቴን ይሳም።» ወገቡን ለታመመ ሰው ድንጋይ! ሽማግሌዎቹ ተከራክረው ድንጋዩን አስቀሩልኝ። ጉልበቱ ግን ጸና።

ሐኪሙ ዘንድ ተመለስሁ። ያው አትታጠፍ ያለኝ ሰው፣ አሁን መታጠፍ የሚያስተምሩበት ቦታ ላከኝ። ማትናስ በሚሉት የሰፈሩ ሕዝብ መሰብሰቢያ ውስጥ፣ ልጆች ከበሮ በሚማሩበት ክፍል፣ ዮጋ አለ አለኝ። ዮጋ ምንድን ነው ብለው ዋናው መተንፈስ ነው አለኝ። ታዲያ እስከዛሬ ምን ሳደርግ ኖሬ ነው?

ስገባ ሁሉም አሮጊቶች ናቸው፤ ከሮማንያ የመጡ፣ ከሞሮኮ የመጡ። ወንድ እኔ ብቻ። አስተማሪዋ ሪና ፀጉሯ የነጣ፣ እናቴን የምታህል ሴትዮ ስትሆን ራሷን እንደ ብርድ ልብስ ታጣጥፈዋለች። «ለአት፣ ለአት» ትለኛለች፣ ቀስ፣ ቀስ ማለቷ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለቱን እኛም እናውቃለን። እንቁላሉ ሲሄድ እንዴት እንዳቃሰተ ግን የነገረኝ አልነበረም። በእጅና በጉልበታችን ቆመን ጀርባችንን እንደ ድመት አጎበጥን። አንዷ አሮጊት እኔን እያየች በሞሮኮኛ ጸሎት ጀመረች። መጨረሻ ላይ ተንጋለን ዓይናችንን ጨፈንን። ስገልጥ ክፍሉ ባዶ ነው። ብርድ ልብስ ለብሻለሁ። ሪና አጠገቤ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች። «ማረፍ እንዳንተ የቻለ የለም» አለችኝ። ስታመሰግነኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ቆይቶ ጉልበት አጣጥፎ ግንባርን መሬት ማስነካት መጣ። ደነገጥሁ። ይኼማ ስግደት ነው፣ ለማን ነው የምሰግደው አልኋት። «ለወገብህ» አለችኝ። እኔ ግን የአባ ወርቁ ጉልበት ነው የታየኝ። ቤት ገብቼ ልምምድ ጀመርሁ። ያልጋነሽ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ አባቷን ሆና ትቀመጣለች፣ እኔ ከፊቷ እንበረከካለሁ። «ገና ነው፣ አልራራሁም፣ ድገም» ትለኛለች። ደስ ሳይላት አልቀረም።

ቀኑ ደረሰ። አባ ወርቁ ወንበራቸው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ። ተነፈስሁ። ለአት ብዬ ተንበረከክሁ፣ ጉልበታቸውን ሳምሁ፣ ግንባሬን እግራቸው ሥር አሳረፍሁ። ወዳጄ፣ እንዴት እንደሚመች! ወገቤ ቅልል አለኝ። ሪና እዚህ ላይ ሳትቸኩል ቆይ ብላኛለች፤ ቆየሁ። ሽማግሌዎቹ ጸጸቴን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ያልጋነሽ ማልቀስ ጀመረች።

«በቃ ልጄ፣ ይቅር ብየሃለሁ፣ ተነሥ» አሉ አባ ወርቁ። እኔ ደግሞ መነሣቴም ለአት ለአት ነው። እሳቸው እንቢ ያልሁ መሰላቸው። ብድግ አሉና ጎንበስ ብለው በብብቴ ይዘው ወደ ላይ ሳቡኝ። ክብደቴ ቀላል አይደለም። «እህ!» አሉ። ያቺን «እህ» አውቃታለሁ።

እኔ ቆምሁ። አባ ወርቁ እንደጎነበሱ ቀሩ። ሰው ምን ያያል? አማት ለአማቹ እጅ ሲነሣ! «አቤት ትሕትና!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ጆሯቸው ሥር ገባሁና «አባ፣ ይተንፍሱ» አልኋቸው። «ዝም በል፣ ለሰው እንዳትናገር» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሪና ዘንድ አብረን መሄድ ጀመርን። ቤተሰቡ የት ነው ሲላቸው «እሱን ላደርስ» ይላሉ።

ያልጋነሽ ወለደች። ሴት! ያ ሁሉ ሽምግልና ለግርዛት ነበር፤ ግርዛት የለም። ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም፣ ልጅቷ ቁርጥ እናቷን ናት። የአራስነት ወጓ ተፈጽሞ ከአራስ ቤት ወደ ቤቷ ስትገባ ዘመድ ጠራን። ሕፃኗ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታለች። ድንገት አለቀሰች። እኔና አባ ወርቁ እኩል ደረስን፣ ከበላይዋ ቀጥ ብለን ቆምን።

«አባ፣ እርስዎ ያንሷት» አልሁ።

«ኧረ አይገባም! አባቷ ቆመህ እኔ?»

«በእድሜም በክብርም የሚቀድሙት እርስዎ ነዎት።»

«አንተ አንሣ አልሁህ!»

ልጅቷ በለቅሶ ፊቷ ቀላ። ያልጋነሽ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማድ ቤት ሮጣ መጣች፣ መንትፋ አነሣቻትና ሁለታችንን ገላመጠችን። እንግዳው ሁሉ ግን ተደነቀ። «አያችሁ መከባበር! የዱሮ ሰው ጨዋነት እንዲህ ነው፣ ተማሩ!» እያሉ ለልጆቻቸው ነገሩ። እኔና አባ ወርቁ አንገታችንን ደፋን። ከአንገታችን በታች የሚደፋ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ሳገኝ፣ መጀመሪያ የማየው ወገባቸውን ነው።