ሙሉ ልብስ በቦቲ

ፎቶግራፍ የሚማር ተከራይ አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኛዋ ትዕግሥት ትባላለች። «ጋሼ፣ ለትምህርቴ ፎቶ ላነሣዎት» ስትለኝ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ ቆምኩላት። እሷ ግን ከቡና ማሳ ስመለስ በር ላይ ያወለቅኩትን ጭቃ የጠገበ ቦቲ ፎቶ አንሥታ ሄደች! ፊቴ ምን በደላት?

ሚዛን ከተማ ውስጥ ተማሪዎቹ ፎቷቸውን ሲያሳዩ ተጠራሁ። ቦቲዬ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ሰው ከቦታል። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ትክ ብለው አዩና፣ «ይህ ተረከዝ ያለቀው ቡና ተሸክሞ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ይህ ሰው ልጆች አሳድጓል» አሉ።

ለካ ፊቴ ይህን ሁሉ ተናግሮ አያውቅም! «የኔ ነው!» ብዬ አዳራሹን አናወጥኩት።

እሁድ ሠርግ አለብኝ። ባለቤቴ «ልታዋርደኝ ነው?» ብትልም፣ ሙሉ ልብሴን ከነከረባቱ፣ ቦቲዬን ከነጭቃው አድርጌ እሄዳለሁ። ፊቴን የማያውቅ በቦቲዬ ይወቀኝ!